ከሰንጠረዥ ገበታ እስከ ፕሌይ ስቴሽን ቤት

ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መናገሻ በነበረችበት ዘመን ዋልተር ፕላውደን የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ዳግማዊ ራስ ዐሊ ግቢ ይመላለስ ነበር። የአገሩ ቆንስል ነው፤ በ1842 ዓ.ም. ከራስ ዐሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አቅራቢያ ቆስሎ ከሞተ በኋላ ወንድሙ ማስታወሻዎቹን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1868 በመጽሐፍ አወጣቸው። በዚያ መጽሐፍ ከጦርነቱና ከሹም ሽሩ ወሬ መካከል አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይገኛል፦ የኢትዮጵያ መኳንንት ሰንጠረዥ የሚባለውን የአገራቸውን ቼዝ እንዴት ይጫወቱ እንደነበር።

ዛሬ ቼዝ የሚያውቅ ሁሉ አንዱ አንድ ጠጠር ካነሳ በኋላ የሌላው ተራ እንደሚሆን ያውቃል። በደጋው ሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል የለም። ጨዋታው እንደተከፈተ ሁለቱም እጃቸው በፈቀደው ፍጥነት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንደኛው የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ጨዋታው ወደ ተራ የሚገባው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። እስከዚያ ዐይን የባላንጣን አሰላለፍ ይከተላል፣ እጅ የራስን ያስተካክላል፤ የዘገየም ይቀደማል።

የኮምፒውተር ጌም የሚወድ ወጣት ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዱን 2፣ በ1997 የወጣው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ፣ በ2003 የወጣው ጄኔራልስ ሁሉም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይገነባል፣ ያሰልፋል፣ ይቀድማል፤ ተራህን ጠብቅ የሚል ዳኛ የለም። የጌም ኩባንያዎች ይህን ስልት ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርገው ሚሊዮኖች ሲሸጡበት፣ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሐሳቡን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በጨርቅ ገበታ ላይ ይዞት ነበር። በጨርቅ ማለት በእውነተኛ ጨርቅ ነው። ገበታው እንደ ፈረንጁ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮበት ነበር የሚጫወቱት።

ከሕጉ ይልቅ የሚገርመው በዙሪያው የሚቀመጠው ሰው ነው። ከፕላውደን ቀደም ብሎ ወደ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልካቹ ዝም ብሎ እንደማያይ ጽፏል። ባለሟሎቹ ይመክራሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም እጃቸውን ሰደው ጠጠሩን ራሳቸው ያነሳሉ። ማሸነፉም ብቻውን አይበቃም ነበር፤ እንዴት እንደተሸነፈ ይታያል። በኃይለኞቹ ጠጠሮች ንጉሡን ማፈን ብዙ አያስመሰግንም። ደካማ በሚባሉት፣ ይልቁንም በተራ ወታደር፣ መንገድ ዘግቶ የያዘ ሰው ግን በተመልካቹ ፊት ክብር ያገኛል። ኤች. ጄ. አር. መሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ትልቅ የቼዝ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ቦታ ሰጥቶታል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ፣ በዚያው ዓመትም የገበጣን ዓይነቶች ለየብቻ ጽፈዋል። ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከመኳንንቱ ቤት ጠፋ። ገበጣ ግን መኳንንት ስለማያስፈልገው አልጠፋም፤ እረኛ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ፣ ከብቱን እያየ ይጫወተዋል። አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ይፈርዳል።

በደጋው ጨዋታ የሁለት ሰዎች ብቻ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ኮምፒውተርም ቴሌቪዥንም ወደዚህ አገር ሲገቡ የገቡት በዚሁ ልማድ ውስጥ ነው። ሌላው ዓለም የኮምፒውተርን ታሪክ በመኝታ ክፍሉ ብቻውን በተቀመጠ ልጅ ሲተርከው፣ የደብረ ታቦር፣ የወረታ፣ የአዲስ ዘመንና የንፋስ መውጫ ታሪክ ግን መተረክ ያለበት አንድ ማሽን በከበቡ ሃያ ሰዎች ነው። ይህ ታሪክ እስካሁን በደንብ አልተጻፈም፤ ሊጻፍ ግን ይገባዋል።

የደብረ ታቦር ሰው ስለ ማሽን ሲነሳ ጋፋትን ሳያነሳ አያልፍም፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው በዚች መንደር ዐፄ ቴዎድሮስ ቫልድማየርን፣ ሳልሙለርን፣ ሞሪትዝ ሆልንና ሌሎች አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ አሠርተዋል። በ1859 ዓ.ም. የተጣለችው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ትመዝናለች። ያንን የሚያህል ብረት በገደልና በሸለቆ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎተተ፤ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ። ንጉሡ የፈለጉት መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያ የሚሠራውን እውቀት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ የፊልም ባለሙያው ቴዎድሮስ ተሾመ አዲስ አበባ ላይ ለድርጅቱና ለሲኒማ ቤቱ የመረጠው ስም ሴባስቶፖል መሆኑ ለጋፋት ልጆች ትንሽ ነገር አይደለም።

ኮምፒውተር ወደ ወረዳ ከተሞች የመጣው በጽሕፈት ቤት በኩል ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ትልቅ ችግር መፈታት ነበረበት። የድሮው ኮምፒውተር ለአንድ የፊደል ስብስብ የሚሰጠው 256 ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ብዙው ለትእዛዝና ለላቲን ፊደል የተያዘ ነው። የአማርኛ ፊደል በሰባት ቤት ሲቆጠር 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ከቦታው ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን በየፊናቸው መላ አበጁለት። በኋላ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው ተጫኑ። ሁሉም ግን ፊደሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ የየራሱ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርክርክ ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰሌዳ ላይ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው፤ 345 ምልክቶች ገቡ። ማይክሮሶፍት ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 አደረሰ። ያኔ አማርኛ ለመጻፍ የግድ የተለየ ፕሮግራም መግዛት ቀረ።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጣና መጽሔት ሲበዛ የአማርኛ ጽሕፈት ፈላጊው በረከተ። ማመልከቻ፣ የሥራ ልምድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ የሚጽፉ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ። የታይፕ ጸሐፊዎች ወደ ኮምፒውተር ተሸጋገሩ። ማቪስ ቢከን የሚባለው የጽሕፈት ማስተማሪያም የየማሠልጠኛው አስተማሪ ሆነ። ብዙ ሠልጣኝ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሴት እውነተኛ መምህርት አድርጎ ነበር የሚያስባት፤ ማቪስ ግን የፕሮግራሙ ሠሪዎች የፈጠሯት ገጸ ባሕርይ ናት።

የመጀመሪያው የኮምፒውተር ጌምም የመጣው በዚሁ በር ነው። ካርታ። ዊንዶውስ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ አብሮት የመጣውን ሶሊቴር የጻፈው ዌስ ቼሪ የሚባል የማይክሮሶፍት ተለማማጅ ነው፤ የካርታዎቹን ሥዕል የሠራችው ደግሞ ሱዛን ኬር ናት። ኩባንያው ጨዋታውን የጨመረው ሰው ማውስ መጎተት እንዲለምድ ነበር፤ በኢትዮጵያም ያንኑ ሥራ ሠርቷል። አለቃ ሲወጣ ካርታ፣ አለቃ ሲመለስ ደብዳቤ። በየመሥሪያ ቤቱ ማውስ ይዘው የማያውቁ ጎልማሶች ጣታቸውን ያፍታቱት በዚህ ነው። ከኋላ የቆመውም ባልደረባ እንደ ራስ ወልደ ሥላሴ ባለሟል «ቀዩን ስምንት እዚያ ላይ አድርጊው እንጂ!» እያለ ይመክራል።

ከቢሮ ውጪ ያለው ሕዝብ ግን ስክሪን የለመደው በቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ፤ በር ላይ በእጅ የተጻፈ የፊልም ስም። የህንድና የካራቴ ፊልም ገነነ። በኋላ ዲኤስቲቪ ሲመጣ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ ቦታውን ወሰደ። መንግሥትም በራሱ መንገድ ትልቅ ስክሪን ወደ ደጋው አመጣ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። አስተማሪው ስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ያስተዋውቅ፣ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልል ነበር። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነበር፤ ስክሪኑ «ቆይ፣ አልገባኝም» የሚለውን ተማሪ አይሰማም ነበር። ገንዘቡና ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ነገር ግን በዙሪያው ያለው ሰው አፍ የሌለው ተመልካች እንዲሆን ስለተፈረደበት፣ ከሰንጠረዡም ከቪዲዮ ቤቱም ይልቅ ከዚህ አገር ባሕርይ የራቀ ስክሪን ነበር።

ለባሕርዩ የቀረበው ፕሌይ ስቴሽን ቤት ነው።

ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይ ስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ነው። ሁለተኛው በ2000 ወጥቶ እስከ 2013 መጀመሪያ ሲመረት ቆይቷል፤ ከ155 ሚሊዮን በላይ በመሸጥም በዓለም አንደኛ የጌም ማሽን ሆነ። ያ ቁጥር ግን የተሸጠውን እንጂ የተጫወተበትን ሰው አይናገርም። አውሮፓ ውስጥ አንዱ ማሽን አንድ ቤት ገብቶ ሁለት ወንድማማቾችን ሲያጫውት፣ ኢትዮጵያ የገባው ያገለገለ ማሽን ከጠዋት እስከ ማታ ለዓመታት የሰፈር ልጅ ሁሉ ሲፈራረቅበት ኖሯል። የአንዱን ማሽን የእጅ ብዛት የሚቆጥር ቢኖር የኢትዮጵያ ከተሞች ከዓለም ፊተኞቹ መካከል በሆኑ ነበር።

ንግዱ ቀላልና ብልህ ነበር። ባለቤቱ አንድ ክፍል ይከራያል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን ይደረድራል፣ ገመዱን በዲቫይደር ያከፋፍላል። ሒሳቡ በሰዓት ሳይሆን በጌም ነው፤ አንድ ጨዋታ ይህን ያህል ብር። ሕጉ ደግሞ ባለቤቱ ሳይጽፈው ሁሉም ያውቀዋል፦ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተሸናፊ ይነሳል። ጎበዝ ልጅ አምስት ሳንቲም ሳያወጣ ግማሽ ቀን ጆይስቲክ ይዞ ይውላል። ተራ ጠባቂው ከኋላው ተደርድሮ ያሽሟጥጣል፣ ያስተላልፋል፣ የዓለምነህ ዋሴን ወይም የሌላ የታወቀ ጋዜጠኛ ድምፅ እየቀዳ ይተርካል። ጌሙ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ኳስ። የኮናሚ ዊኒንግ ኢለቨን ዘመኑን ገዛ፤ በኋላ ፊፋ ቦታውን ተረከበ። ዊኒንግ ኢለቨን ዛሬ ኢፉትቦል ተብሏል፤ ፊፋም ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በሚል ስም ይሸጣል። በየቤቱ የሚነሳው ግን ዛሬም የቆየው ስም ነው።

ከዚህ ቀደም በጆተኒና በከረንቡላ ዙሪያ የነበረው ልማድ ነው ሳይፈርስ ወደ ስክሪን የተሻገረው። ወላጅና አስተማሪ ግን ነገሩን በበጎ አላዩትም። የከተማ አስተዳደሮችም ለትምህርት ቤት የቀረቡትን ጆተኒ ቤቶች፣ ፑል ቤቶችና ፕሌይ ስቴሽን ቤቶች በየጊዜው ሲያሽጉ ኖረዋል። የወላጅ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ከክፍል ሾልኮ የዋለ ልጅ ብዙ ነው፣ ውርርድም ገብቶበታል። ቢሆንም ቤቱን ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ ማኅተም ማሸግ ትክክል አልነበረም። ቤተ መጻሕፍትና ስፖርት ሜዳ በሌለበት የወረዳ ከተማ አንድ ታዳጊ ከዲጂታል ማሽን ጋር እጅ ለእጅ የሚገናኝበት ቦታ ይኸው ብቻ ነበር። ቢያንስ ሰዓቱን ወስኖ፣ ዕድሜውን ለይቶ፣ ፈቃድ ሰጥቶ መቆጣጠር ይቻል ነበር።

በኮምፒውተር የሚጫወተው ወጣት ቁጥሩ ያነሰ፣ ፍላጎቱ ግን የጠለቀ ነው። እሱ ማሽኑን ከፍቶ ማየት ይፈልጋል። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው አብዛኛው ዴስክቶፕ የቢሮ ዕቃ ስለሆነ ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ አይኖረውም። ስለዚህ የአገሩ የጌም ጣዕም የተወሰነው በማስታወቂያ ሳይሆን በራምና በካርድ ነው። ዙማና ቺክን ኢንቬደርስ በየቢሮው የተጫወቱት ማንኛውም ማሽን ስለሚያነሳቸው ነው። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ለኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ቢያንስ 256 ሜጋባይት ራምና 3.6 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ይህ ቁጥር ከአንድ ተራ ስልክ ያነሰ ነው፤ ያኔ ግን የጎረቤትን ራም ተበድሮ መሰካት ግድ ነበር። አንድ ልጅ ራም ከየት ገብቶ የት እንደሚሰካ፣ ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት እንደሚሰጥ፣ ድራይቨር ምን እንደሆነ ያወቀው ጌሙን ለማስነሳት ሲታገል ነው። በየከተማው ዊንዶው የሚጭኑትና ኮምፒውተር የሚጠግኑት ብዙዎቹ ባለሙያዎች በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተከፍቶ በርካታ ወጣት ከነላፕቶፑ ወደ ከተማዋ ሲመጣ ይህ እውቀት በአንድ ጊዜ ሰፋ። በዶርም ውስጥ ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ገመድ አገናኝቶ ጄኔራልስ መጫወት፣ ጓደኛን አልጋ ላይ ሰብስቦ፣ የድሮው ወረራ መልኩን ለውጦ መመለሱ ነው።

ስለ ደጋውና ስለ ማሽን ሲነሳ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ ከፍታ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ፋን ሙቀት የሚያወጣው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ ያነሰ ሙቀት ያወጣል። ደግነቱ የደጋው ብርድ ጉድለቱን ያካክሳል፤ በቆላ የሚግል ማሽን እዚህ ደህና ይሠራል። ሃርድ ዲስክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በውስጡ የሚዞረውን ሳህን የምታነበው ራስ ሳህኑን ሳትነካ ከጸጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ላይ የምትንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይቀንሳል። ለዚህም ነው አምራቾች በአብዛኛው ዋስትናቸውን 3,048 ሜትር ላይ የሚያቆሙት። ደብረ ታቦር ከወሰኑ በታች ናት። በጉና ተራራ ዙሪያ ከዚያ ወሰን በላይ ባሉት ቀበሌዎች ለሚከፈት ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ግን የሚዞር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር መግዛት ቅንጦት አይደለም። በዚህ ላይ የመብራት ጉዳይ አለ። መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ በኃይል መምጣቱ ነው ፓወር ሰፕላይ የሚያቃጥለው፤ ጠጋኞች ማሽኑን አይተው መጀመሪያ «ስታብላይዘር አለው?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው፤ ሞባይል በ1991 ዓ.ም.። ወደ ወረዳ ከተሞች የደረሱት ቆይተው ነው፤ ሲደርሱም ዋጋቸው ፊልም ወይም ጌም ለማውረድ የሚያስደፍር አልነበረም። ስለዚህ የዲጂታል ሙዚቃና ፊልም መንገድ ሽቦ ሳይሆን አስፋልት ሆነ። አዲስ አበባ የተሞላ ሃርድ ዲስክ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከዚያ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ወደ ጋይንትም ይቀጥላል። በየከተማው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ካርድ ማንበቢያ ያለው ሱቅ ዘፈንና ፊልም ይጭናል። ደንበኛ ፍላሹን ወይም የስልኩን ሚሞሪ ሰጥቶ «አዳዲስ ሙላልኝ ወንድሜ» ይላል፤ የሚጫነውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ባለ ሱቁ ነው። በአማርኛ የተተረኩ የውጭ ፊልሞች፣ የቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎች፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጌሞች፣ መዝሙርና ስብከት፣ ሁሉም በአንድ ፎልደር ይሄዳል። ሾርትከት ቫይረስም አብሮ ይሄዳል፤ የሰው ፋይል ደብቆ ባዶ ምልክት የሚያሳየው ያ ቫይረስ በየሱቁ ካርድ ማንበቢያ እየዞረ ስንቱን የሠርግ ፎቶ «ጠፋ» አስብሏል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት እውነት አለ፤ አንዱን ለሌላው መሸፈን አይገባም። ፍላሹ ባይኖር የገበሬው ልጅ የዘመኑን ሙዚቃና ፊልም አይሰማም፣ አያይም ነበር። በሌላ በኩል አምሃ ሪከርድስና ካይፋ በሸክላ፣ አምባሰልና ኤሌክትራ በካሴት ገንብተውት የነበረው ንግድ የወደቀው በዚሁ ነው። በአንድ ፍላሽ ሁለት ሺህ ዘፈን ሲጫን ለዘፋኙም፣ ለገጣሚውም፣ ለዜማ ደራሲውም የሚደርስ አንድ ብር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ ሕጉ ግን የወረዳ ከተማ ሱቅ ውስጥ ሲገባ አልታየም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ጓደኞቻቸው አውታር የሚባል የሙዚቃ መሸጫ አፕ አቋቁመው በቀጥታ ከስልክ ሒሳብ የሚከፈልበት መንገድ ቀየሱ። ትክክለኛ መንገድ ነበር። ለባለ ሱቁ ድርሻ የሚሰጥ አሠራር ቢጨመርበት ኖሮ ደግሞ ወደ ደጋው በደንብ በዘለቀ ነበር፤ ሕዝቡ የሚያምነው ጫኙን ነውና።

የአስፋልቱ መንገድ ጥቅም በክፉ ጊዜ ታየ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም ለወራት ሳይመለስ ቆየ። በአገልጋይ ኮምፒውተር ላይ የተንጠለጠለው አዲሱ ጌም ሁሉ ዝም አለ። ፍላሽ ላይ ያለው፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው፣ ከጎረቤት የተቀዳው ግን ሠራ። ጌም አምራቾች ዛሬ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ነገር እያበዙ መሄዳቸው ለዚህ አገር ተጫዋች ትልቅ በደል ነው። የአዲስ አበባ የጌም ሠሪዎች ቢያንስ ይህን ማወቅ አለባቸው። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ ኩኩሉ ብሎ ለስልክ ሲሠራና ገበጣንም ወደ ስክሪን ሲያመጣ መንገዱ እንደሚቻል አሳይቷል። ስልኩንም ቢሆን ቴክኖ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገጣጥም ቆይቷል። ገጣጥሞ መሸጥ ግን ጋፋት ላይ የታሰበው አይደለም፤ ውስጡን ማወቅ ገና ይቀራል።

ይህን የሚያነብ በደብረ ታቦርም ሆነ በዙሪያዋ የጽሕፈት ቤት የነበረው ሰው ዛሬ ማታ አንድ ነገር ቢያደርግ መልካም ነው። በአሮጌው ዴስክቶፕ ውስጥ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የዕድር መዝገቦች፣ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ያልታተሙ ልብ ወለዶችና የቤተ ክርስቲያን ታሪኮች አሉ። ፕሮግራሞቹ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ እምቢ ሲሉ ጽሑፉም አብሮ ዝርክርክ ሆኖ ይቀራል፤ ዲስኩም ዕድሜ አለው። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች አሉ፤ የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ተማሪዎችም ሊያግዙ ይችላሉ። ፕሌይ ስቴሽን ቤት የነበረውም ሰው የድሮውን ማሽን ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት በየትኛው ዓመት እንደከፈተ፣ አንድ ጌም ስንት እንዳስከፈለ፣ ማን የሰፈሩ አንደኛ እንደነበር ይጻፍ ወይም ያስቀዳ። ጌም መሥራት የሚፈልግ ወጣት ደግሞ ታሪክ ከሌላ አገር መበደር አያስፈልገውም። የወረራው ሕግ፣ የጠጠሮቹ አካሄድና የተመልካቹ ሥርዓት በፓንክኸርስት ጽሑፍ ውስጥ ተዘርዝሮ ይገኛል፤ የታተመውም በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት፣ ቅጽ 9፣ ቁጥር 2፣ እ.ኤ.አ. 1971 ላይ ነው።